ሞርሞኖች ይህን ሁሉ ትችት ችለው እንዴት ቆሙ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሆስፒታል አብራኝ የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት ነርስ ሞርሞን ናት። የተማረች፣ ሰው አክባሪ፣ ነገር የሚገባት ሴት ናት። እምነቷን ለማወቅ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ማንበብ ስጀምር ግን ደነገጥኩ። የወርቅ ሰሌዳው፣ የመሥራቹ ብዙ ሚስቶች፣ ጥቁሮች ክህነት ተከልክለው መኖራቸው። ይህ ሁሉ በእጅ ስልክ እየተገኘ ሃይማኖቱ እንዴት አልፈረሰም? እሷስ ይህን አላነበበችም? ብጠይቃት ትቀየመኝ ይሆን?»

አንብባለች ብዬ እገምታለሁ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ሞርሞን እነዚህን ነገሮች ሳይሰማ አይቀርም። ብዙዎቹ እንዲያውም ከነቃፊዎቹ በላይ ዝርዝሩን ያውቁታል። ስለዚህ እኔ ልመልስ የምሞክረው እያወቁ ለምን እንደሚቆዩ ነው።

የማስተምረው የሃይማኖት ሶሲዮሎጂ ነው። ለትምህርት የሞርሞኖች ማዕከል በሆነችው የአሜሪካ ግዛት ዩታ ውስጥ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። የእምነቱ ተከታይ ሆኜ አላውቅም። ግን ጎረቤቶቼ፣ አከራዮቼና የክፍል ጓደኞቼ እነሱ ነበሩ። የምጽፈው ካነበብኩትም ከኖርኩትም ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ሙሉ ስማቸው «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ነው። 2018 ላይ የያኔው መሪያቸው ራስል ኔልሰን «ሞርሞን» የሚለው ቀርቶ ሙሉው ስም እንዲጠራ አጥብቀው አሳሰቡ። እኔ እዚህ ለማሳጠር በለመድነው ስም እጠራቸዋለሁ። ከጓደኛዎ ጋር ሲያወሩ ግን ሙሉውን ቢሉላት ደስ ይላታል።

«ኢንተርኔት መጣና ጉዱ ወጣ» የሚሉ አሉ። ጉዱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲወራ የኖረ ነው። መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ መልአክ መርቶኝ ከኮረብታ ካወጣሁት የወርቅ ሰሌዳ ተረጎምኩት ያለውን መጽሐፈ ሞርሞን 1830 ላይ ኒው ዮርክ ግዛት ፓልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ አሳተመ። 5,000 ቅጂ ነበር። ለማተሚያው ማርቲን ሃሪስ የሚባል ገበሬ እርሻውን አስያዘ። የከተማው ሰው ግን መጽሐፉን ላለመግዛት ተማከረ። 1834 ላይ ደግሞ የጎረቤቶቹ ቃል የተሰበሰበበት ሙሉ የነቀፋ መጽሐፍ ወጣ። ያኔ ቤተ ክርስቲያኑ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነው።

ከዚያ የባሰም መጣ። 1837 ላይ ከርትላንድ ኦሃዮ ውስጥ ያቋቋሙት ባንክ ከሰረ። የሰው ገንዘብ ቀለጠ። ትልልቅ መሪዎች ሳይቀሩ ጥለው ሄዱ። «ሰሌዳውን መልአክ አሳየን» ብለው የፈረሙት ሦስቱ ምስክሮች፣ ሃሪስም ጭምር፣ በዚያ ዓመትና በቀጣዩ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ሁለቱ በኋላ ተመለሱ። ዴቪድ ዊትመር ሳይመለስ ሞተ። ሆኖም ከሦስቱ አንዱም «አላየሁም» አላለም። ነቃፊው ይህን ታሪክ ሲያነሳ «የቅርብ ሰዎቹ እንኳ ጥለውት ሄዱ» ይላል። አማኙ ደግሞ «ተጣልተውት እንኳ ቃላቸውን አላጠፉም» ይላል። ሁለቱም ያልሆነ ነገር አልተናገሩም። ሞርሞንነት ላይ የሚነሳው ክርክር ሁሉ ይህን ይመስላል።

ስደቱንም ሳይሰሙ አልቀሩም። 1838 ላይ የሚዙሪው ገዥ ሊልበርን ቦግስ ሞርሞኖች ወይ እንዲጠፉ ወይ ከግዛቱ እንዲባረሩ የሚል ትእዛዝ አወጣ። በዚያው ሳምንት ሃውንስ ሚል በሚባል መንደር 17 ሰው ተገደለ። 1844 ላይ ጆሴፍ ስሚዝና ወንድሙ ሃይረም ኢሊኖይ ውስጥ ካርቴጅ እስር ቤት ሳሉ መሣሪያ የያዙ ብዙ ሰዎች ሰብረው ገብተው ገደሏቸው። ጆሴፍ 38 ዓመቱ ነበር።

ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ «ስደት አጠነከራቸው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ አይበቃኝም። ከስሚዝ ሞት በኋላ ተከታዮቹ ተከፋፍለዋል። ጄምስ ስትራንግ የሚባል ሰው «ተተኪው እኔ ነኝ» ብሎ ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ያለች ቢቨር የምትባል ደሴት ላይ ሕዝብ ሰበሰበ። ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ጫነ። 1856 ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ተከታዮቹም ከደሴቷ ተባረሩ። ዛሬ የቀሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። እነሱም ተሰድደዋል። የእነሱም መሪ ተገድሏል። ስደት ብቻውን የሚያቆም ቢሆን ኖሮ እነሱም በቆሙ ነበር።

አብዛኛውን ተከታይ ይዞ የቀጠለው ብሪገም ያንግ ግን ድርጅት ነበረው። እሱና «ሐዋርያት» የሚባሉት ሌሎች ከፍተኛ መሪዎች 1840 እና 1841 ላይ እንግሊዝ ሄደው በሺዎች የሚቆጠር ሰው አጥምቀዋል። አብዛኛው ደሃ ሠራተኛ ነው። 1847 ላይ የመጀመሪያዎቹ ዛሬ ዩታ ውስጥ ያለው ሶልት ሌክ ሸለቆ ገቡ። 1849 ላይ ለስደተኞች የሚሆን ፈንድ አቋቋሙ። ደሃው በብድር ይመጣል። ሠርቶ ይከፍላል። በከፈለው ሌላው ይመጣል። እቁብ የጣለ ሰው እንዲህ ያለ ገንዘብ ሰውን ከሰው እንዴት እንደሚያስር ያውቀዋል።

1856 ላይ ገንዘቡ አጠረ። በበሬ ከሚጎተተው ሠረገላ ይልቅ ሰው በእጁ የሚጎትተው ጋሪ ተሰጣቸው። ሁለት የተጓዦች ቡድኖች ዘግይተው ተነሱና ዋዮሚንግ ላይ በረዶ ያዛቸው። ከ200 በላይ ሰው መንገድ ላይ ቀረ። ዛሬ የዩታ ታዳጊዎች ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ያንኑ የሚመስል ጋሪ ለቀናት ይጎትታሉ። ልጃገረዶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ለብሰው፣ ጸሐይ ላይ። ጁላይ 24 ደግሞ ወደ ሸለቆው የገቡበት ቀን በሰልፍ ይከበራል። እንዲህ ያደገች ልጅ እምነቷን ስትጠራጠር የምትጠራጠረው አንድን ትምህርት ብቻ አይደለም። ጋሪውን የጎተተችውን ቅድመ አያቷንም እንደ መካድ ሆኖ ይሰማታል።

ይህ ግን ዩታ ለተወለደው ነው። ብራዚል ውስጥ፣ ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ጋና ውስጥ ትናንት የተጠመቀውስ? እሱ ጋሪ የጎተተ ቅድመ አያት የለውም። እሱን የሚያቆየው ሌላ ነገር ነው። ለእኔ ዋናውም እሱ ነው፦ ሥራ ይሰጡታል።

አጥቢያቸውን «ዋርድ» ይሉታል። የት አጥቢያ እንደሚገቡ እርስዎ አይመርጡም። አድራሻዎ ይወስናል። መሪው «ቢሾፕ» ይባላል። እኛ ጳጳስ ስንል ከምናስበው ጋር አያምታቱት። የጥርስ ሐኪም፣ የቧንቧ ሠራተኛ ወይ የሒሳብ መምህር ሊሆን ይችላል። ደመወዝ የለውም። አምስት ዓመት ገደማ ያገለግልና ወርዶ ተራ ምእመን ይሆናል። ሕፃናት የሚያስተምረው፣ ፒያኖ የሚመታው፣ ሒሳብ የሚይዘው፣ የታመመ የሚጠይቀው ሁሉም ከምእመኑ ነው። ማንም አያመለክትም። ይጠራሉ። ስሙም «ጥሪ» ነው። የ12 ዓመት ልጅ እሑድ ቅዱሱን እንጀራና ውኃ በረድፍ እየዞረ ያድላል። ውኃ ነው እንጂ ወይን አይጠቀሙም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ «እነዚህን ሰዎች አደራ» ተብሎ የሚሰጠው ሌላ ቤተሰብ አለ።

ያየሁትን ልንገርዎ። ሶልት ሌክ በገባሁ በሁለተኛው ወር ቤት ቀየርኩ። ለአከራዬ ብቻ ነበር የተናገርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አሥራ አንድ ወንዶች ቆመዋል። ሦስት ፒክአፕ አቁመዋል። አንዱ ጓንት ያድላል። አንዱ ገመድ ይፈታል። አንድ አባትና ልጅ አልጋዬን ለመፍታት ብሎን መፍቻ ይዘው ገቡ። ፍሪጁን በጀርባው አስደግፎ ደረጃ ያወረደው ሰው የባንክ ሥራ አስኪያጅ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። አራት ሰዓት ሳይሞላ አዲሱ ቤት ውስጥ መጋረጃ ሁሉ ተሰቅሏል። ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል ያነሳ የለም። ውኃ ጠጡ፣ እጄን ጨበጡ፣ ሄዱ።

ማታ ብቻዬን ተቀምጬ የሰፈራችን እድር ነበር ትዝ ያለኝ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ማንም ሳይለምን ይመጣል። እነዚህ ሰዎች ያንን ለቤት ቅየራ፣ ለወሊድ፣ ሥራ ለፈታ ሰው ያደርጉታል። ሥራ የፈታው ደግሞ ቢሾፑ ፈርሞለት ከቤተ ክርስቲያኑ መጋዘን ዱቄትና ወተት ይወስዳል። ሲወስድም ከቻለ እዚያው እንዲሠራ ይጠየቃል። ተቀባዩም ሥራ አለው።

አሁን ጥርጣሬን እዚህ ውስጥ ያስገቡት። ጓደኛዎ እሑድ እሑድ ስምንት ሕፃናት ታስተምራለች እንበል። ሐሙስ ማታ ስልኳ ላይ የሚረብሽ ነገር አነበበች። እንቅልፍ አጣች። እሑድ ጠዋት ግን ስምንቱ ልጆች ይጠብቋታል። ትሄዳለች። አንዷ ልጅ ሥዕል ሠርታላታለች። አንድ ባልቴት መኪና የላቸውም፤ ይዛቸው መመለስ አለባት። የሐሙሱ ጥያቄ መልስ አላገኘም። ግን ሳምንቱ አለፈ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ይሞላል። ይህን እንደ ማታለል አይዩት። ከትዳርም፣ ከአገርም፣ ከየትኛውም ጥልቅ ነገር ጋር የምንቆየው እንዲህ ነው። ሁሉን መርምረን ጨርሰን አይደለም።

ላውረንስ ያናኮኒ የሚባል ኢኮኖሚስት 1990ዎቹ ውስጥ ጥብቅ ሃይማኖቶች ለምን እንደሚጠነክሩ ጽፏል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዋጋው ውድ ከሆነ በግማሽ ልቡ የሚመጣ አይገባም። የገባው ሁሉ ስለከፈለ፣ ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ የምሩን ነው። የምሩን ከሆነ ሰው ጋር መሆን ደግሞ ደስ ይላል። ሞርሞኖች ከገቢያቸው አሥራት ያወጣሉ። መጠጥ፣ ትንባሆ፣ ሻይና ቡና አይነኩም። ወንዶቹ በ18 ዓመታቸው ቤታቸውን ትተው ለሁለት ዓመት ወንጌል ሊሰብኩ ይወጣሉ፤ ወጪውን የሚችሉት ራሳቸው ወይ ወላጆቻቸው ናቸው።

ቡናው ላይ ትንሽ ልቆይ። ክልከላው የመጣው 1833 ላይ ነው። የእኛ ሰው ሲሰማ ሳቅ ይለዋል፤ ሲያስበው ግን ይከብደዋል። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ሲል «አልጠጣም» ማለት ሰውን እንደ መግፋት ነው። አንድ የማውቀው በጥምቀት ወደ እነሱ የገባ አበሻ ከሁሉ የከበደው እሱ እንደነበር ነግሮኛል። አሥራቱ አይደለም፣ ሦስተኛው ሲኒ ነው። ግን ነገሩ የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። አልጠጣም ባለ ቁጥር ማን መሆኑን ለሰውም ለራሱም ይናገራል። ረቡዕና ዓርብ ሆቴል ገብተን «የጾም ምን አለ?» ብለን ስንጠይቅ እኛስ የምናደርገው ምንድን ነው? ምግብ ማዘዝ ብቻ አይደለም።

በር የሚያንኳኩት ወጣቶችም እንዲሁ ናቸው። በሩን የሚከፍትላቸው ጥቂት፣ የሚጠመቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ከሁሉ በላይ የሚለወጠው ግን ራሱ የሚያንኳኳው ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ እየተዘጋበት፣ እምነቱን ጮክ ብሎ ይናገራል። በ20 ዓመቱ ሲመለስ የተናገረው ነገር የራሱ ሆኗል።

እነሱም ይጾማሉ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት ማዕድ ይዘላሉ። የምግቡን ዋጋ ለድሃ ይሰጣሉ። የዚያን ቀን ስብከት የለም። የፈለገ ተነስቶ ይመሰክራል። አንድ ጊዜ ጎረቤቶቼ ጋብዘውኝ ሄድኩ። መጀመሪያ የወጣችው አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። ማይክራፎኑ ጋ እንድትደርስ በርጩማ ላይ አቆሟት። እናቷ በጆሮዋ እያንሾካሾከች ልጅቷ ደገመች፦ «ይህች ቤተ ክርስቲያን እውነተኛ እንደሆነች አውቃለሁ።» ደነገጥኩ። ልጅን እንዲህ ማስባል ልክ ነው ወይ አልኩ። አሁንም እላለሁ። ቀጥላ አንዲት መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ወጣች። ልጇ ሞቶባታል። ድምጿ እየተቆራረጠ «ዛሬ አውቃለሁ ማለት አልችልም። ተስፋ አደርጋለሁ ማለት ግን እችላለሁ» አለችና ወረደች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ስትቀመጥ ከኋላዋ የነበሩት አሮጊት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ። እስከ መጨረሻው አላነሱትም። ያን ቀን ሁለቱንም አየሁ። ልጅቷን ቃሉን አስይዘዋታል። ሴትየዋንም ቃሉ ሲጠፋባት አልገፏትም።

ይህ ጾም እኛን አንድ ጊዜ ነክቶናል። ብዙ ሰው አያውቀውም። በ77ቱ ረሃብ ጊዜ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ ሞርሞኖች በተለየ ሁኔታ እንዲጾሙና የማዕዱን ዋጋ ለረሃብተኞች እንዲሰጡ ተጠየቁ። በዚያ አንድ እሑድ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። አብዛኛው የታሰበው ለኢትዮጵያ ነበር። በኋላ ሐዋርያ የሆኑት ራስል ባላርድ በዚያው ዓመት አገራችን መጥተው ሁኔታውን አይተዋል። የዛሬው ዓለም አቀፍ የረድኤት ሥራቸው የጀመረው ከዚያ ነው። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ሊያደርግ የቻለው ማስታወቂያ አይደለም። ያ ሕዝብ ወር በወር መዝለሉንና መስጠቱን ከመቶ ዓመት በላይ ሲለማመደው ኖሯል። የሚያስፈልገው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ወደ ማስረጃው ጉዳይ ልምጣ። እርስዎን የደነቀዎትም እሱ ነውና። ከሁሉ የሚከብደውን ልውሰድ። 1835 ላይ ስሚዝና ጓደኞቹ ከአንድ ተዟዟሪ ነጋዴ የግብፅ አስከሬኖችና ፓፒረስ ገዙ። ስሚዝ ከፓፒረሱ የአብርሃምን ጽሑፍ ተረጎምኩ አለ። ያም ከቅዱሳት መጻሕፍታቸው አንዱ ሆነ። ፓፒረሱ ጠፋ፣ ተቃጠለ ተብሎ ታመነ። 1967 ላይ ግን ኒው ዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም እጁ ላይ የነበሩትን ቁርጥራጮች ለቤተ ክርስቲያኑ መለሰ። የጥንት ግብፅ ሊቃውንት አነበቡት። ከሟች ጋር የሚቀበር የተለመደ ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ። አብርሃም የለበትም። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ 2014 ላይ ባወጣው ጽሑፍ ፊደሎቹ ከትርጉሙ ጋር እንደማይገጥሙ አምኗል። ምናልባት ጽሑፉ ያለበት ክፍል ጠፍቶ ይሆናል፣ ወይም ፓፒረሱ ስሚዝን ለራእይ ያነሳሳው ነገር ብቻ ይሆናል የሚሉ ማብራሪያዎችን አስቀምጧል።

ለእኔ ማብራሪያዎቹ አያሳምኑኝም። ግን አማኙ እምነቱን መጀመሪያም እዚያ ላይ አልገነባም። መጽሐፈ ሞርሞን መጨረሻው አካባቢ አንባቢውን «እውነት መሆኑን እግዚአብሔርን ጠይቅ» ይላል። ሞርሞን ሆኖ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። ተንበርክኮ ይጠይቃል። ደረቱ ላይ ሙቀት፣ ሰላም፣ አንዳንዴም እንባ ይመጣል። መልሱ እሱ ነው። ማስረጃው ሰውየው ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። ነቃፊው ስለ 1835 ሲያወራ አማኙ ልጁ ታሞ ስለጸለየበት ሌሊት ያስባል። አንዱ ያመጣውን ሌላው ሊመዝነው አይችልም። ሚዛናቸው ለየቅል ነው። ይህ በእነሱ ብቻ የሚታይ እንዳይመስልዎት። ጸበል ተጠምቆ የዳነን ሰው በላቦራቶሪ ወረቀት ሊከራከሩት ቢሞክሩ የሚገጥምዎት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉልበታቸው መለወጥ መቻላቸው ነው። እግዚአብሔር ዛሬም ነቢይ ለሚሉት መሪያቸው ይናገራል ብለው ስለሚያምኑ ትናንት የተከለከለው ዛሬ ሊፈቀድ፣ የተፈቀደውም ሊከለከል ይችላል። ከአንድ በላይ ማግባትን 1852 ላይ በአደባባይ አወጁ። የአሜሪካ መንግሥት 1887 ባወጣው ሕግ የቤተ ክርስቲያኑን ሕጋዊ ሰውነት ገፈፈ። ንብረቱንም ሊወርስ ተነሳ። 1890 ላይ መሪያቸው ዊልፎርድ ውድረፍ ማብቃቱን አስታወቁ። ዩታ 1896 ላይ ግዛት ሆነች። አንቀበልም ያሉ ትንንሽ ቡድኖች ተገንጥለው እስከ ዛሬ አሉ። ብዙኃኑ ግን ተከተለ።

የጥቁሮች ጉዳይ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ያማል። በእነሱ ዘንድ ክህነት የቀሳውስት ብቻ አይደለም፤ ተራው ወንድ ምእመን የሚቀበለው ነው። ስሚዝ በሕይወት ሳለ ኤላይጃ ኤብል የሚባል ጥቁር ሰው 1836 ላይ ክህነት ተቀብሎ ነበር። ብሪገም ያንግ 1852 ላይ ጥቁሮች እንዳይሾሙ በይፋ ተናገረ። ክልከላው 1978 ድረስ ዘለቀ። ከመቶ ዓመት በላይ ነው። አባት ልጁን አጥምቆ ክህነት ማስተላለፍ አልቻለም፤ ቤተሰብ ቤተ መቅደስ ገብቶ ለዘላለም መተሳሰር አልቻለም። እና አሁን ይህን ይስሙ። ናይጄሪያና ጋና ውስጥ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጽሐፉን በአጋጣሚ አግኝተው ያመኑ ሰዎች ነበሩ። ራሳቸው ተሰብስበው፣ ራሳቸው የቤተ ክርስቲያኑን ስም ለጥፈው፣ «አጥምቁን» እያሉ ወደ ሶልት ሌክ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። የሚያጠምቃቸው አልመጣም። ዓመታት ጠበቁ። ጁን 1978 ላይ በስፔንሰር ኪምቦል ዘመን ክልከላው ተነሳ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚስዮናውያን ሲደርሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተዘጋጅተው አገኟቸው።

ያን ያህል ለዘጋባቸው ቤት ለምን ጠበቁ? ብዙ አስቤበታለሁ። የምቀበለው መልስ፣ ያነበቡት ነገር የራሳቸው ስለሆነ ነው የሚለው ነው። የዩታ ሰዎች ስህተት የእነሱን እምነት አልሰረዘውም። ቤተ ክርስቲያኑ 2013 ላይ ክልከላውን ለማስረዳት ይነገሩ የነበሩትን ትምህርቶች በሙሉ እንደማይቀበል አስታውቋል። በይፋ ይቅርታ ግን አልጠየቀም። መጠየቅ ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬ ምንም አልተነካም ካልኩ ግን እዋሻለሁ። በመዝገብ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት አሏቸው። እሑድ እሑድ ወንበር ላይ የሚገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሮድኒ ስታርክ የሚባለው ሶሲዮሎጂስት 1984 ላይ፣ እድገቱ በዚያው ፍጥነት ከቀጠለ በ2080 እስከ 265 ሚሊዮን ሊደርሱ ይችላሉ ብሎ ነበር። ፍጥነቱ አልቀጠለም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እንዳገኘው፣ ሞርሞን ሆነው ካደጉ አሜሪካውያን እምነቱን ይዘው የቀጠሉት 2007 ላይ 70 በመቶ ነበሩ። 2014 ላይ 64 በመቶ ሆኑ። ወጣቶቹ ከወላጆቻቸው የበለጠ ይወጣሉ።

የሚወጡት ለምንድን ነው ካሉኝ፣ ካነጋገርኳቸው አብዛኛዎቹ «ተደበቀብን» ነው ያሉኝ። ስሚዝ ከ30 እስከ 40 የሚደርሱ ሚስቶች እንደነበሩት፣ ትንሿም 15 ዓመት ያልሞላት እንደነበረች ቤተ ክርስቲያኑ በግልጽ የጻፈው 2014 ላይ ነው። ስሚዝ ሲተረጉም ባርኔጣ ውስጥ አስቀምጦ ያየው የነበረውን ድንጋይ ፎቶ ያወጣው 2015 ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ በሰንበት ትምህርት ሥዕሎች ላይ ስሚዝ ሰሌዳውን እያየ ሲያነብ ነበር የሚታየው። ስዊድናዊው ሃንስ ማትሰን አውሮፓ ውስጥ ከፍተኛ መሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ጥርጣሬያቸውን 2013 ላይ በጋዜጣ ሲናገሩ የብዙ ሰው ሕመም ነው የወጣው። ሰው ከባድ ታሪክ ይችላል። ያሳደገው ሰው እንደደበቀው ሲያውቅ ግን ይሰበራል። በዚህ ላይ የገንዘቡ ጉዳይ አለ። አሥራት የሚያወጣው ደሃ፣ ቤተ ክርስቲያኑ 100 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ኢንቨስትመንት እንዳለው 2019 ላይ ከዜና ሰማ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት 2023 ላይ ቤተ ክርስቲያኑንና የኢንቨስትመንት ድርጅቱን፣ ሀብቱን በአግባቡ ባለማሳወቃቸው በድምሩ 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቷቸዋል።

ደግሞ የሚቆየው ሁሉ ወዶ አይቆይም። ያ ያሞገስኩት ማሰሪያ ሲያንቅም አይቻለሁ። ጋብቻው ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው። ለመግባት ከቢሾፑ ፈቃድ ያስፈልጋል። እምነቱን የተወ አባት የልጁን ቃል ኪዳን ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ፈርቶ ሦስት ዓመት ሳያምን ሄዷል። በመጨረሻ ወጣ። ከወጣ በኋላ ስናወራ ስለ ትምህርቱ ምንም አላነሳም። «ቅዳሜ ጠዋት ማንም አይደውልልኝም» ነበር ያለኝ። የሰው ቤት ሲቀየር የሚደውሉለት እሱ ነበር። መኪና ነበረው።

ወደ ጓደኛዎ ልመለስ። ብትጠይቋት ትቀየማለች ወይ? እንደ አጠያየቅዎ ነው። ስለ ፓፒረሱ ወይም ስለ ሚስቶቹ ከጀመሩ ከዚህ በፊት መቶ ጊዜ የሰማችውን ነው የሚያሰሟት። በትህትና ትመልስልዎትና ወሬው ያልቃል። «ጥሪሽ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋት። ቃሉን ስታውቁላት ትገረማለች። ምናልባት ሕፃናት ታስተምር ይሆናል። ምናልባት የሴቶቹን መረዳጃ ማኅበር ትመራ ይሆናል፤ ማን እንደወለደች፣ ማን ሥራ እንዳጣች በስም እያነሳች ትነግርዎታለች። እዚያ ላይ ይቆዩ። የራስዎን እድር፣ የራስዎን ማኅበር ይንገሯት። ሌላው ጥያቄ፣ ማለትም ስታነቢ ምን ተሰማሽ፣ ምን ከበደሽ የሚለው፣ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ትመልስልዎታለች ብዬ አስባለሁ። ምናልባትም ማንም ጠይቋት አያውቅም ይሆናል። እረፍት ላይ አብረው ሲቀመጡ ደግሞ በቡና ፋንታ ትኩስ ቸኮሌት ይግዙላት።